የተዳፈነ እሳት፦ የኮከብ ልደት ጥናትና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ሰማይ

በሀገራችን ስለ ሥነ ፈለክ በተነሣ ቁጥር ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንደኛው «ተራራ ሞልቶናል፤ ቴሌስኮፕ ይተከልልን» ይላል። ሁለተኛው «ሆድ ሳይሞላ ሰማይ ማየት ቅንጦት ነው» ሲል ይመልሳል። ክርክሩም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ይቆምና ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ወገኖች ዘለው ያለፉት አንድ መካከለኛ እርምጃ መኖሩን ማሳየት ነው። ይኸውም ቴሌስኮፕ ሳይተከል፣ ብዙ ገንዘብም ሳይወጣ ሊጀመር የሚችል የመለካትና መረጃ የመተንተን ሥራ ነው። ለምሳሌነት የምንወስደው የጥናት መስክ በኢንፍራሬድ ጨረር የሚካሄደው የወጣት ከዋክብት ጥናት ሲሆን፣ ቦታው ደግሞ መካነ ሰላምና በዙሪያዋ ያለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው። መስኩን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የደጋ ከፍታና የደረቅ አየር ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በኢንፍራሬድ ጥናት ላይ ነው፤ ለማንም ሰው በነጻ የተከፈተ ሰፊ የመረጃ ማህደር ያለውም ይኸው ዘርፍ ነው።

በአመድ ሥር ያለ ፍም

በገጠሩ የሀገራችን ክፍል እሳት ሌሊቱን እንዳይጠፋ በአመድ ይዳፈናል። በጨለማ ቤት ውስጥ ምድጃውን የሚመለከት ሰው የሚያየው ነገር የለም፤ መዳፉን ቢያስጠጋ ግን ሙቀቱ ይሰማዋል። ፍሙ የሰጠውን ብርሃን አመዱ ውጦ በሌላ ዓይነት ጨረር መልሶ ያወጣዋል። መዳፍ የሚሰማው ይህ ጨረር ኢንፍራሬድ፣ በአማርኛው አጠራር ታህተ ቀይ ጨረር ይባላል።

ጨረሩ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1800 ነው። ዊሊያም ኸርሼል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ፣ የቴርሞሜትሩ ንባብ ከፍ ብሎ አገኘው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ኢንፍራሬድ ከዚያ ጀምሮ እስከ 1,000 ማይክሮሜትር ገደማ ይዘልቃል። አንድ አካል አብዝቶ የሚያበራበትን የሞገድ ርዝመት በማይክሮሜትር ለማግኘት 2,898ን ለአካሉ የኬልቪን ሙቀት ማካፈል ይበቃል። የፀሐይ ገጽ 5,800 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ውጤቱ 0.5 ይሆናል፤ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ማለት ነው። የሰው ገላ 310 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ውጤቱ 9.3 ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ቀን ከሌሊት በኢንፍራሬድ እናበራለን፤ ዓይናችን ስለማያየው ብቻ አናውቀውም።

ከዋክብት የሚወለዱት በተዳፈነ ምድጃ ውስጥ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። መነሻቸው ሙቀቱ 10 ኬልቪን ያህል ብቻ የሆነ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ፣ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። የደመናው ክፍል በራሱ ስበት ሲሰበሰብ በመካከሉ ጽንስ ኮከብ ወይም ፕሮቶስታር ይፈጠራል። በዙሪያው ያለው አቧራ ግን ብርሃኑን ይውጠዋል። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ይህን መደብዘዝ የሚለኩት ማግኒትዩድ በሚባል መለኪያ ነው። አቧራው የሚታየውን ብርሃን በ30 ማግኒትዩድ ቢያደበዝዝ፣ ከ1,000,000,000,000 የብርሃን ቅንጣቶች አንዷ ብቻ ታልፋለች። በ2.2 ማይክሮሜትር ላይ ግን መደብዘዙ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ፣ ማለትም ወደ 3 ማግኒትዩድ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከ16 ቅንጣቶች አንዷ ታልፋለች። ዓይን ድፍን ጨለማ በሚያይበት ቦታ የኢንፍራሬድ ካሜራ ኮከብ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ወንጭፉ የወረወረው ጋዝ

አሁን አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይነሣል። ደመናው ሲሰበሰብ፣ ከመጀመሪያው የነበረው ዝግተኛ ሽክርክሪት እየፈጠነ ይሄዳል። እጆቹን ዘርግቶ የሚሽከረከር ሰው እጆቹን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ እንደሚፈጥነው ማለት ነው። ሽክርክሪቱ እየፈጠነ ከሄደ ጋዙ ወደ መካከል መውደቁን ትቶ በዙሪያው ብቻ ይዞራል፤ በዚህም ዲስክ የመሰለ ዝርግ ክብ ይፈጠራል። ታዲያ ኮከቡ እንዴት ሊያድግ ይችላል? ትርፍ የሆነውን የሽክርክሪት መጠን፣ በፊዚክስ አንጉላር ሞመንተም የምንለውን፣ ከዚያ ይዞ የሚወጣ አንድ ነገር ያስፈልጋል።

መልሱን ለመረዳት ማማ ላይ ሆኖ ሰብል ከወፍ የሚጠብቅ ልጅን እናስብ። ልጁ ወንጭፉን አዙሮ አዙሮ አንዱን ጫፍ ሲለቀው ድንጋዩ የሽክርክሪቱን ጉልበት ይዞ ይወነጨፋል። በጽንስ ኮከብ ዙሪያ የወንጭፉን ገመድ ቦታ የሚይዘው ከዲስኩ ጋር አብሮ የሚሽከረከረው መግነጢሳዊ መስክ ነው። ከጋዙ ጥቂቱ በመስኩ መስመሮች እየተመራ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከዲስኩ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ይወረወራል። ይህ ቀጭንና ፈጣን የጋዝ ፍሰት ጄት ይባላል። ጄቱ በዙሪያው ያለውን ዝግተኛ ጋዝ እየገፋ ሰፋ ያለ ፍሰት ያስከትላል። የተወረወረው ጋዝ ትርፉን ሽክርክሪት ይዞ ስለሚሄድ የቀረው ወደ ኮከቡ መውደቅ ይችላል። በአጭሩ፣ ኮከቡ የሚያድገው ከሰበሰበው ጥቂቱን መልሶ በመወርወሩ ነው። ጄቱ ከዲስኩ በየትኛው ርቀት ላይ እንደሚነሣ ግን ዛሬም ተመራማሪዎችን ያከራክራል።

የተወረወረው ጋዝ ከፊቱ ካለው ጋዝ ጋር ሲጋጭ የግጭት ሞገድ ይፈጠራል። በግጭቱ የሚግለው የሃይድሮጅን ሞለኪዩል በ2.12 ማይክሮሜትር፣ ኤሌክትሮን ያጣው ብረት ደግሞ በ1.64 ማይክሮሜትር ላይ ያበራል። እነዚህ የግጭት ብርሃኖች ኸርቢግ-ሃሮ አካላት ይባላሉ። ስያሜው የአሜሪካዊው ጆርጅ ኸርቢግና የሜክሲኳዊው ጊየርሞ ሃሮ መታሰቢያ ነው፤ ሁለቱም በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እነዚህን አካላት በየፊናቸው አጥንተዋል።

የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ከእነዚህ አንዱን፣ ኤች ኤች 211 የሚባለውን፣ ያነሣው ምስል በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል። አካሉ በፐርሲየስ ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ 1,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። በመካከሉ ያለው ጽንስ ኮከብ ክብደት ከፀሐይ ክብደት 8 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የውስጠኛው ጋዝ ፍጥነት በሰከንድ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተለክቷል። በዚህ ፍጥነት የሚጓዝ አካል ከአዲስ አበባ መካነ ሰላም ያለውን የአየር መስመር በ2 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። የእኛም ፀሐይ ከ4.6 ቢሊዮን ዓመታት በፊት እንዲህ ዓይነት ዘመን እንዳሳለፈች ይታመናል።

የተከፈተ ጎተራ

ይህን ምስል ያነሣው ቴሌስኮፕ 6.5 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ይዞ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 ወደ ጠፈር ተልኳል። ወጪው 10 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። የትኛውም የሀገራችን ዩኒቨርሲቲ ይህን የመሰለ መሣሪያ አይሠራም፤ ሊመኘውም አያስፈልገውም። ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነገር ግን አለ። ቴሌስኮፑ የሚሰበስበው መረጃ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ፣ ቢበዛ በአብዛኛው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ለማንኛውም ሰው በነጻ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2020 የሠራው የስፒትዘር የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ መረጃ በሙሉ ክፍት ነው። በቺሊ ያሉት የአውሮፓ ደቡብ ኦብዘርቫቶሪ ቴሌስኮፖች ከሀያ ዓመት በላይ የሰበሰቡት መረጃም እንዲሁ። ምስሎቹን ለመክፈትና ለመተንተን የሚያገለግሉት ፕሮግራሞች ዋጋ አይጠየቅባቸውም፤ በተራ ኮምፒዩተር ላይም ይሠራሉ። ጎተራው ተከፍቷል፤ ቁናውን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው የጠፋው።

«የሌላውን ሰው ምስል መመልከት ምን ምርምር ይባላል?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ ስፒትዘር ቀደም ሲል ለሌሎች በርካታ ዓላማዎች ያነሣቸውን የፍኖተ ሐሊብ ምስሎች መልሰው ሲመረምሩ፣ በ4.5 ማይክሮሜትር ላይ ተለይተው የሚያበሩ ከ300 በላይ አካላት ለይተው አወጡ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ግዙፍ ወጣት ከዋክብት ጋዝ የሚወረውሩባቸው ቦታዎች ናቸው ተብሎ ይታሰባል። መረጃው ቀድሞ ተቀምጦ ነበር፤ የጎደለው ጥያቄ ይዞ የሚቀርብ ሰው ነበር።

አንድ የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ሊሠራው የሚችለውን ስሌት እንመልከት። በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጄት በአንድ ዓመት ውስጥ የመሬትንና የፀሐይን ርቀት 21 ጊዜ ያህል ይጓዛል። ጄቱ 1,000 የብርሃን ዓመት ርቆ፣ ለእኛ በአግድም የሚሄድ ከሆነ፣ ይህ ጉዞ በዓመት 0.07 የቅስት ሰከንድ ሆኖ ይታያል። የቅስት ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 1/3,600ኛ ነው። በሀያ ዓመት ልዩነት የተነሡ ሁለት ምስሎች ቢገኙ ጄቱ 1.4 የቅስት ሰከንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። በጄምስ ዌብ ካሜራ ምስል ላይ ይህ ከ40 ነጥቦች በላይ ነው። ስለዚህ ተማሪው የድሮውንና የአዲሱን ምስል አስተካክሎ በመደራረብ የጄቱን ፍጥነት በራሱ እጅ ሊለካ ይችላል።

ከዚህም አልፎ መሄድ ይቻላል። ጄቶች እንደ ገመድ ወጥ አይደሉም፤ በየርቀቱ ብሩህ ቋጠሮዎች ይታዩባቸዋል። ሁለት ቋጠሮዎች የመሬትንና የፀሐይን ርቀት 1,000 ጊዜ ያህል ቢራራቁ፣ በተጠቀሰው ፍጥነት በመካከላቸው 50 ዓመት ገደማ አለ ማለት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ቋጠሮዎቹ ኮከቡ ጋዝ አብዝቶ የዋጠባቸውን ጊዜያት ያመለክታሉ። እንግዲህ የአንድን ኮከብ የሕፃንነት ታሪክ ከመካነ ሰላም ሆኖ ማንበብ የሚከለክል የፊዚክስ ሕግ የለም።

የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። አንድ ምስል ከጥቂት ሜጋባይት እስከ ብዙ ጊጋባይት ይመዝናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየው፣ መስመር ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት በአንድ ቀን ይቆማል። ስለዚህ የተመረጡ የኮከብ መወለጃ አካባቢዎች ምስሎችና ፕሮግራሞቹ በሃርድ ዲስክ ተቀድተው በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሊቀመጡ ይገባል። አባቶቻችን የክፉ ቀን እህል በጉድጓድ ያኖሩት መንገድ ስለሚዘጋ ጭምር ነው።

ውርጭ ምን ይነግረናል?

አሁን ወደ ደጋው እንመለስ። በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋዎች የሚኖር ገበሬ በበጋ ወራት ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ተኝቶ፣ ከዋክብቱ ሲፈኩ «ዛሬ ይወረጫል» ብሎ ይሰጋል። ደመና ባጠላበት ሌሊት ግን ስጋቱ ይቀንሳል። ይህ የገበሬ እውቀት ትክክለኛ የኢንፍራሬድ ፊዚክስ ነው። ምድርና ሰብል ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታቸውን በኢንፍራሬድ ወደ ሰማይ ይለቃሉ። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎትና ደመና ጨረሩን ውጠው ከፊሉን መልሰው ይልካሉ። አየሩ ደረቅ ሲሆን ግን፣ በተለይ ከ8 እስከ 13 ማይክሮሜትር ባለው መስኮት፣ ጨረሩ ወደ ጠፈር ያመልጣል፤ ቅጠሉም ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል።

ጨረር በሚወጣበት መስኮት ጨረር ይገባል። ሰብልን የሚያወርጭ ሌሊት ከጠፈር ለሚመጣ ኢንፍራሬድ የተመቸ ሌሊት ነው። የኢንፍራሬድ ኦብዘርቫቶሪዎች ከፍተኛ ተራሮችን የሚመርጡትም ለዚሁ ነው። ባለሙያዎች የአንድን ቦታ የአየር ድርቀት የሚገልጹት፣ ከቦታው በላይ ያለው እንፋሎት ሁሉ ወደ ውሃ ቢለወጥ ስንት ሚሊሜትር ጥልቀት ይኖረዋል በማለት ነው። 4,200 ሜትር በሚደርሰው የሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ በጥሩ ሌሊቶች ይህ ቁጥር ወደ 1 ሚሊሜትር ይወርዳል። በአማካይ ስሌት፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን የሚቀረው እንፋሎት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ባለችው መካነ ሰላም ከባሕር ወለሉ አንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ወደ 4,000 ሜትር በሚጠጋው የአምባ ፈሪት ተራራ ላይ ደግሞ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይቀራል።

ዘመኑም ይስማማል። መካነ ሰላም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10.75 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በታወቁ ወጣት ከዋክብት የተሞሉት የፐርሲየስ፣ የቶረስና የኦሪዮን ደመናዎች በኅዳርና በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት ላይ ከአናት ብዙም ሳይርቁ ይታያሉ፤ ይህም ዝናቡ ያባራበት የበጋ ወቅት ነው። በአንጻሩ የኦፊዩከስና የሰርፐንስ ደመናዎች እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የሚሉት በሰኔ አካባቢ ክረምቱ ሲገባ ስለሆነ ደመና ይጋርዳቸዋል።

ይህ ሁሉ ግን ስሌት ነው፤ ልኬት አይደለም። ከዓባይና ከበሽሎ ሸለቆዎች የሚነሣው አየር የደጋውን ድርቀት ምን ያህል እንደሚለውጠው ስሌቱ አይነግረንም። «ተራራ አለን» የሚለው ክርክር የሚጎድለውም ይኸው ነው። ከፍታ ብቻውን ኦብዘርቫቶሪ አያደርግም፤ ጥርት ያሉ ሌሊቶች ቁጥር፣ የእንፋሎቱ መጠንና የአየሩ መርጋት ሊታወቁ ይገባል።

መለካቱ ደግሞ የምናስበውን ያህል ከባድ አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውን ቴርሞሜትር ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ መሣሪያ ለሰው ገላ ሙቀት ብቻ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በፋብሪካና በጥገና ሥራ የሚያገለግለውና ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ድረስ የሚያነብበው ወንድሙ ግን ይሆናል። ጥርት ባለ ሌሊት ቀጥ ብሎ ወደ አናት ሲነጣጠር የሰማዩን ሙቀት ያነባል፤ አየሩ በደረቀ መጠን ንባቡ ዝቅ ይላል፤ ደመና ሲመጣ ከፍ ይላል። ንባቡ ከእንፋሎቱ መጠን ጋር ግንኙነት እንዳለው በጥናት የተረጋገጠ ነው። የአየሩን መርጋት ለማወቅ አነስተኛ ቴሌስኮፕ የግድ ያስፈልጋል፤ ይህ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ለሁለቱ ድምፆች

መጀመሪያ «ቴሌስኮፕ ይተከልልን» ለሚሉት። ሀገራችን በዚህ መንገድ ላይ ጥቂት ተራምዳለች። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሥርቷል፤ በእርሱ ጥረት እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እንጦጦ ከአዲስ አበባ ቅርብ መሆኑ ለተማሪዎች የሚመች ቢሆንም የከተማዋ መብራት ለምርምሩ አይመችም። ስለዚህም ለትልቅ ኦብዘርቫቶሪ በላሊበላ አካባቢ ያሉ ከፍተኛ ተራሮች ሲታሰቡ ቆይተዋል። ሕንድ በሂማላያ ተራሮች ሃንሌ በተባለ 4,500 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ባለ 2 ሜትር ቴሌስኮፕ የተከለችው ቦታውን ለዓመታት አስቀድማ ካስጠናች በኋላ ነበር። እኛም ለተራሮቻችን የምንከራከረው የብዙ ዓመታት መዝገብ ይዘን ቢሆን ይሻላል። መዝገቡ «ይህ ቦታ አይሆንም» ሊለንም ይችላል። ያም ቢሆን ብዙ ገንዘብ ከባከነ በኋላ ከምንሰማው አሁን ብንሰማው ይመረጣል።

ቀጥሎ «ሆድ ይቅደም» ለሚሉት። ይህ ጥያቄ በወሎ ምድር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ወሎ ነበር። ይሁን እንጂ የጄትን ምስል የሚያጸዳ እጅ የሰብልን ምስልም ያጸዳል። ጤናማ ቅጠል በ0.8 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ኢንፍራሬድ አብዝቶ ያንጸባርቃል፤ ድርቅ ሲመታው ይህ ይቀንሳል። ሴንቲነል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን እየመዘገቡ በነጻ ያሠራጫሉ። ሀገራችንም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 የመጀመሪያዋን የመሬት ቅኝት ሳተላይት ከቻይና አስወንጭፋለች። የጀርባን ብርሃን መቀነስ፣ ካሜራን በታወቀ ምንጭ ማስተካከል፣ እውነተኛን ምልክት ከተራ መዋዠቅ መለየት፤ እነዚህ ለኮከቡም ለገብሱም አንድ ዓይነት ሙያዎች ናቸው። ልዩነቱ በኮከቡ ላይ የተሳሳተ ተማሪ ማንንም አያስርብም፤ ስለዚህ ለመማሪያነት ኮከቡ ይሻላል። የሰማዩ መዝገብ ደግሞ ከውርጭ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የምሽቱ የሰማይ ንባብና የንጋቱ ውርጭ ለሁለት ሦስት በጋ ጎን ለጎን ቢመዘገቡ፣ ለአካባቢው የውርጭ ማስጠንቀቂያ መነሻ የሚሆን እውቀት ሊገኝ ይችላል።

ምን ይደረግ?

በእኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች ሊጀመሩ ይገባል። አንደኛ፣ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የተመረጡ የኢንፍራሬድ ምስሎችና ፕሮግራሞች ቅጂ በየቤተ መጻሕፍታቸው ያኑሩ። ሁለተኛ፣ የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች የማህደር መረጃን የተመለከቱ ርዕሶችን ለመመረቂያ ጥናት ያቅርቡ። ተማሪው ለማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ መጻፉ አይቀርም፤ ተደጋግሞ የተጻፈውን ከሚደግም ማንም ያልለካውን ጄት ቢለካ ለእርሱም ለትምህርት ክፍሉም ይበጃል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የምልከታ ጊዜ ድልድል የሚደረገው የአመልካቹ ስምና ተቋም ለገምጋሚዎች ሳይገለጥ መሆኑን ተማሪዎቻችን ቢያውቁ መልካም ነው። በዚያ ውድድር የሚመዘነው ጥያቄው ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ደግሞ ማህደሩን ጠንቅቆ ካወቀ ሰው ይወጣል።

ሦስተኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንም ይመለከታል። በመካነ ሰላም፣ በአጅባር፣ በአቀስታና በመሳሰሉት ከተሞች ያሉ ትምህርት ቤቶች በሳይንስ ክበባቸው አማካይነት የሰማይ መዝገብ ሊይዙ ይችላሉ። በክልሉ በደረሰው የጸጥታ ችግር ምክንያት ሌሊት ተራራ መውጣት ለማንም አይመከርም፤ አያስፈልግምም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በአዳሪዎች ግቢ ወይም በመምህራን መኖሪያ ደጃፍ የሚወሰድ የአንድ ደቂቃ ንባብ ይበቃል። ዋናው ነገር በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መሣሪያ፣ ሌሊት ሳይዘለል መመዝገቡ ነው። የደመና ሌሊትም ይመዝገብ፤ ጥርት ያሉትን ብቻ የሚጽፍ መዝገብ ስለ ቦታው አሳሳች ነገር ይናገራል።

የኢንፍራሬድን መኖር በዓይኑ ማረጋገጥ የሚፈልግ ተማሪ የቴሌቪዥን ሪሞት ፊት ያለችውን ትንሽ መብራት በሞባይል ካሜራ ውስጥ እያየ ቁልፉን ይጫን፤ ዓይኑ የማያየውን ብልጭታ ብዙ ካሜራዎች ያሳዩታል። ቀሪው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። በጥቅምት ዝናቡ ሲያባራ መዝገቡ ሊከፈት ይችላል፤ ለመጀመሪያው ገጽ የሚያስፈልጉት ዓምዶች አምስት ናቸው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የሰማዩ ንባብ፣ የአየሩ ሙቀት፣ በማግስቱም ጠዋት ውርጭ መኖር አለመኖሩ።